ጋብቻው በክልል፣ ቤቱ በአዲስ አበባ፦ በሁለት የቤተሰብ ሕጎች መካከል ያለፈ አንድ የፍቺ ክርክር

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ባል አዲስ አበባ፣ ሚስት ደግሞ ከልጆቿ ጋር በአማራ ክልል በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ይኖሩ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በሽማግሌ ተጋብተዋል፤ የተመዘገበ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን የላቸውም። ባል በስሙ የወጣለትን የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ መሆኑን አዲስ አበባ የምትኖር የእህቷ ልጅ ስትነግራት፣ ሚስት ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደምንሰጥበት ማዕከል መጣች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «እዚህ የተዳርኩ ሴት አዲስ አበባ ያለ ቤት ላይ መብት አለኝ ወይ?»

መብት አላት። ይህንን መልስ ወደ ፍርድ፣ ፍርዱንም በእጅ ወደሚገባ ነገር ለመቀየር ግን ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. ወስዷል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የሕግ ባለሙያም ጭምር፣ የባልና የሚስት መብት ከክልል ክልል የሚለያይ ይመስለዋል። እኛ በዚህ መዝገብ ያየነው ሌላ ነው። መብቱ ወሰን ሲሻገር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን እንደሚዳኘው፣ ማስረጃው የት እንደተቀመጠና ትዕዛዙን ማን እንደሚፈጽመው ነው። የዚህችን ሴት ጊዜና ገንዘብ የበላውም ይኸው ነው።

የባለጉዳዮቹ ማንነት እንዳይታወቅ ስም፣ ዞንና ወረዳ አልጠቀስንም።

ሦስት ሕጎች በአንድ ጋብቻ ላይ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የቤተሰብ ሕግን በፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። በአንቀጽ 55(6) መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያወጣው፣ አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ለመፍጠር አስፈላጊ መሆኑን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲያምንበት ነው። ስለዚህ ጋብቻና ፍቺ የክልሎች ጉዳይ ሆኑ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው ተጠሪነታቸው ለፌዴራሉ መንግሥት በሆኑት አስተዳደሮች፣ ማለትም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995ን፣ ኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 69/1995ን፣ ዛሬ በበርካታ ክልሎች የተከፈለው የቀድሞው የደቡብ ክልልም አዋጅ ቁጥር 75/1996ን አወጡ። አንድ ክልል የራሱን ሕግ እስኪያወጣ ድረስ የሚያገለግለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር።

እኛ የያዝነው ጋብቻ በ1994 ዓ.ም. ሲፈጸም አዲስ አበባ በአዲሱ ሕግ መተዳደር ከጀመረች ቆይታለች፤ በአማራ ክልል ግን ገና የ1952ቱ ሕግ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ጋብቻው የተፈጸመው በአንድ ሕግ ነው፣ አብዛኛው የትዳር ዘመን ያለፈው በሌላ ሕግ ሥር ነው፣ ጠብ ያስነሳው ቤት ያለው ደግሞ ሦስተኛው ሕግ በሚሠራበት ከተማ ነው።

ይህ ነገር ቤተሰቡን አስጨንቆት ነበር። ሚስት ስትዳር ዕድሜዋ 17 ነበር። ታላቅ ወንድሟ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ቤቱ አልነበረም። «ያኔ አሥራ ስምንት ስላልሞላት ጋብቻው ጋብቻ አይደለም ብለው እንዳይጥሉብን» አለን። የ1952ቱ ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ ብሎ ያስቀመጠው 15 ዓመት ነው። ያ ድንጋጌ ልጃገረዶችን የበደለ ነበር፤ መቅረቱም ትክክል ነው። ሆኖም በዘመኑ ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ አዲስ ሕግ ስለወጣ አይፈርስም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992ም ቢሆን ለአካለ መጠን ባለመድረስ ምክንያት ጋብቻ ይፍረስ ማለት የሚቻለው ዕድሜው እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው። ይህንን ስንነግረው ወንድምየው ፊቱ ሲፈታ ይታይ ነበር። ቤተሰቡ ሚስትን ለረጅም ጊዜ ከፍርድ ቤት ያስቀራት አንዱ ምክንያት ይህ ፍርሃት እንደሆነ የገባን ያኔ ነው።

ትዳሩና ንብረቱ

ጥንዶቹ ሦስት ልጆች ወልደዋል። የመጀመሪያው ለአካለ መጠን ደርሷል፤ የመጨረሻዋ የተወለደችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ባል በግንባታ ሥራ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለበዓላትና ለእርሻ ሥራ ወቅት እየመጣ ይሄድ ነበር። ገንዘብም በባንክ ይልክላታል። ሚስት መሬቱን በእኩል እያሳረሰች፣ በቤቷም ጠላ እየጠመቀች እየሸጠች ልጆቹን አሳድጋለች።

ንብረቱ በዋነኛነት ሦስት ነው። አንደኛው ባል በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ በየወሩ ሲቆጥብለት ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ዕጣ የወጣለት ባለ ሁለት መኝታ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው፤ የባንክ ብድር ቀሪ ዕዳም አለበት። ሁለተኛው በክልሉ ከተማ ውስጥ ባል ከእናቱ በወረሰው ቦታ ላይ በትዳር ዘመን የተሠራ ቤት ሲሆን፣ ሚስትና ልጆች የሚኖሩት በዚሁ ነው። ሦስተኛው በሁለቱም ስም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የተሰጠበት የእርሻ መሬት ነው።

ክርክሩ የቆመባቸው ሦስት ነጥቦች

መጥሪያው ሲደርሰው ባል በጠበቃው በኩል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ። መኖሪያው አዲስ አበባ ስለሆነና ቤቱም እዚያ ስለሚገኝ የክልሉ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሊያይ አይችልም አለ።

በፍሬ ነገሩ ላይ ያቀረበው መከላከያ ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል የተመዘገበ ጋብቻ የለም ብሎ፣ አዲስ አበባ ከሚኖርበት ወረዳ የወሰደውን «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አያይዟል። በሌላ በኩል ደግሞ ጋብቻ ነበረ ቢባል እንኳ በ2008 ዓ.ም. በሽማግሌ ፈርሷል በማለት፣ ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበትን «በስምምነት ተለያይተዋል» የሚል ወረቀት አቀረበ። ቤቱ ዕጣ የወጣለት በ2011 ዓ.ም. በመሆኑ ወረቀቱ ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ ሚስት ባዶ እጇን የምትቀርበት ዕድል ነበረ።

አላገባሁም እና ተፋትቻለሁ የሚሉት ሁለት መከላከያዎች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ዳኛውም ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ይህንን አስተውለው ጠይቀውበታል። ቢሆንም ማስረዳት የሚስት ፋንታ ስለሆነ በተከራካሪው ድክመት ላይ ብቻ መደገፍ አይቻልም ነበር።

የት ፍርድ ቤት?

የተለመደው መንገድ ሚስት በምትኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ነው። በዚያ መንገድ ብንሄድ የመኖሪያ ቦታው መቃወሚያ ክርክሩን ገና ከጅምሩ ለወራት ሊያስርብን ይችል ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት መክሰስም ሌላ አማራጭ ነበር። ነገር ግን ምስክሮቹ በሙሉ በክልሉ ናቸው፤ ሚስትም ልጆቿን ትታ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ መመላለስ አትችልም።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ መረጥን። መደበኛ መኖሪያቸው በተለያዩ ክልሎች በሆነ ሰዎች መካከል የሚነሳ የፍትሐ ብሔር ክርክር በፌዴራል ዳኝነት ሥር ይወድቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(4) ደግሞ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በክልሉ ካለው ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይይዛል። አቤቱታውን ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስናቀርብ ይህንን የውክልና ሥልጣን በመግቢያው ላይ በግልጽ ጠቀስን። ባል አዲስ አበባ በሕጉ አነጋገር ክልል አይደለችም የሚል ክርክር አነሳ። ፍርድ ቤቱ ግን ከክርክሩ ባሕርይ ጋር አገናዝቦ መቃወሚያውን በብይን ውድቅ አደረገ። ቤቱ ያለበትን ቦታ በተመለከተም፣ የንብረት ክፍፍል የፍቺው ውጤት ስለሆነ ፍቺውን የሚወስነው ችሎት አብሮ ያየዋል፣ አፈጻጸሙ ግን ንብረቱ ወዳለበት ይላካል ብሎ አለፈው።

ሚስት የዳኝነት ክፍያ መክፈል ስለማትችል አስቀድመን በነፃ ለመክሰስ አመልክተን ነበር። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ቢመጣም፣ መሬት አላት በሚል ጥያቄ ተነሳ። መሬቱ የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥ ሀብት አለመሆኑን አስረድተን ፈቃዱን አገኘን።

እግዱ

ቤቱን ማስጠበቅ ከሁሉ በፊት ይቀድም ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የወጣለት ሰው ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይሸጥ ገደብ ቢኖርበትም፣ በተግባር ብዙ ቤት የሚተላለፈው በውክልና ነው። ባለ ዕጣው ለገዢው ሰፊ የውክልና ሥልጣን ይሰጣል፣ ከጎኑ የብድር ውል ይፈራረማሉ፣ ገደቡ ሲያልቅ ስሙ ይዛወራል። እስከዚያ ድረስ በመዝገብ ላይ ምንም ለውጥ ስለማይታይ ሚስት የምታውቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የእግድ ማመልከቻ ከአቤቱታው ጋር አብረን አቀረብን። እግዱ እንዲደርስ የጠየቅነው ለቤቱ አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ውልና ማስረጃ ለሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤትም ጭምር ነበር። ሁለተኛው ባይካተት ኖሮ የመጀመሪያው ብዙም አይጠቅምም፤ ቤቱ እየታገደ ውክልናው ሊሰጥ ይችላልና።

ፍርድ ቤቱ እግዱን ፈጥኖ ሰጠ። ትዕዛዙን የእህቷ ልጅ ይዛ ወደ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ብትሄድም አልተቀበሏትም፤ ከክልል የመጣ ደብዳቤ ስለሆነ ትክክለኛነቱ ሳይረጋገጥ አንፈጽምም አሏት። ሠራተኞቹ ሐሰተኛ ደብዳቤ ብዙ እንደሚያጋጥማቸው ስለምናውቅ ጥንቃቄያቸውን አናወግዝም፤ ለሚስት ግን እያንዳንዱ ቀን አደጋ ነበር። መፍትሔ የሆነው ትዕዛዙ በባለጉዳይ እጅ መሄዱ ቀርቶ ከፍርድ ቤቱ በቀጥታ በመሸኛና በመዝገብ ቁጥር እንዲላክ ማድረግ፣ በደብዳቤው ላይም የሬጅስትራሩን (የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ኃላፊ) ስልክ ማስጻፍ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ደውሎ አረጋገጠ፤ እግዱም ተመዘገበ።

ጋብቻውን ማስረዳት

ጋብቻው ሲፈጸም የጋብቻ ውል በሽማግሌ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱን ይዘውት የነበሩት ሽማግሌ ካረፉ በኋላ ግን የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 በመላ አገሪቱ ቢደነገግም ሥራ ላይ የዋለው በኋላ ነው። እነዚህ ጥንዶችም ዘግይተው አላስመዘገቡም።

ሕጉ ግን ያልተመዘገበን ጋብቻ አይክድም። የጋብቻ የምስክር ወረቀት በማይኖርበት ጊዜ ጥንዶቹ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ እንደነበርና ቤተሰብና ማኅበረሰብም እንደዚያው ሲያያቸው እንደነበር በማሳየት ማስረዳት ይቻላል። በዚህ ላይ የአማራ ክልል ሕግና አዋጅ ቁጥር 213/1992 አይለያዩም። ከሁለቱም ወገን ዘመዶች ምስክር ቆጠርን። ከባል ወገን የመጡት አጎቱ ናቸው። «ልጄ ቢሆንም እውነቱን አልክድም፤ ዳርኩት እኮ እኔ ነኝ» ሲሉ ችሎቱ ጸጥ አለ።

ይሁንና ከምስክሮቹ ይልቅ የበረታው ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው የእርሻ መሬቱ የይዞታ ደብተር ነው፤ በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ከመስፈሩም በላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። ሁለተኛውን ያገኘነው ባል ራሱ ካቀረበው «ያላገባ» ማስረጃ ጀርባ ነው። አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ ገብቶ የነዋሪነት መታወቂያ ሲያወጣ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ያመጣል። ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን የሰጠው ወረዳ የነዋሪነት ማኅደሩን ሙሉ ግልባጭ እንዲልክ እንዲያዝልን አመለከትን። ማኅደሩ ሲመጣ ከክልል ቀበሌው የተጻፈው መሸኛ ውስጥ ነበር፤ የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ቦታ «ያገባ» ይላል። «ያላገባ» የሚለው ማስረጃ ከዓመታት በኋላ በራሱ ማመልከቻና ባቀረባቸው ምስክሮች ብቻ የተሰጠ ነው። ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ጠበቃው ስለ ምዝገባ አለመኖር ዳግም አላነሳም።

የሽማግሌው ወረቀት

ይህ ከሁሉም ያስጨነቀን ነጥብ ነው። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ በሽማግሌ ፊት «ተለያየን» ብሎ መፈረም በሕግ ጋብቻ አያፈርስም። በዚህ ብቻ ብንቆም በቂ በመሰለ ነበር። ነገር ግን ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት ሲመሩ ከቆዩ ጋብቻው በተግባር እንደፈረሰ የተቆጠረባቸው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ ያለን የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት፣ ውሳኔዎች አሉ። ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ደግሞ ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ወረቀቱና ባል አዲስ አበባ መኖሩ አንድ ላይ ሲታዩ ወደዚያ ሊያመሩ ይችሉ ነበር። የክልል ሕግ ብቻ አንብቦ የሚከራከር ሰው ይህንን አደጋ ላያየው ይችላል።

ስለዚህ ትኩረታችንን ከወረቀቱ ሕጋዊነት አንስተን ከ2008 ዓ.ም. በኋላ የነበረው ኑሮ ላይ አደረግን። ሚስት ቤቷ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስባ እንድታመጣ ጠየቅናት። በፌስታል አጭቃ ካመጣችው መካከል የመጨረሻዋ ልጅ የክትባት ካርድ ነበረ። ጠርዙ ተበልቷል፣ የዘይት ጠብታም አርፎበታል፤ የልደት ቀኑና የአባት ስም ግን በግልጽ ይነበባል። ልጅቷ የተወለደችው በ2010 ዓ.ም. ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው የሚለው የሕግ ግምት አለ፤ ባልም የልጅቷን አባትነት አልካደም። ተፋትተናል ባለበት ዓመትና ልጁ በተወለደችበት ዓመት መካከል ያለውን ማስረዳት ለእርሱ ቀረ። የባንክ መዝገቡም እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ለሚስት ገንዘብ ይልክ እንደነበር አሳየ።

ወረቀቱን ከፈረሙት ሽማግሌዎች አንዱ ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ጥንዶቹ በዚያ ዓመት ተጣልተው እንደነበርና ለጊዜው ጠቡን ለማብረድ እንደጻፉት፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ራሳቸው አስታርቀው አንድ ላይ እንዳበሏቸው ተናገሩ።

ተጨማሪ መከላከያም አዘጋጅተን ነበር። ጋብቻው በ2008 ዓ.ም. ፈርሷል ቢባል እንኳ ቁጠባው የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ በእነዚያ ዓመታት የተከፈለው የጋራ ገንዘብ ነው። ፍርድ ቤቱ ጋብቻው አልፈረሰም ስላለ ወደዚህ አልሄደም።

የትኛው ሕግ?

ሁለት ክልሎችን የሚነካ የቤተሰብ ክርክር በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ በዝርዝር የሚወስን ሕግ በእጃችን አልነበረም። በዚህ ላይ ረጅም ክርክር መክፈት እንችል ነበር፤ አልከፈትንም። በአቤቱታችን የክልሉን አዋጅና አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ጎን ለጎን አስቀምጠን ውጤታቸው አንድ መሆኑን አሳየን። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 62 ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። በአንቀጽ 63 ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም ግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ይባላል። የክልሉ ሕግም ይህንኑ መሠረት ይከተላል። ከሁለቱም በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥም ሆነ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ፍርድ ቤቱ በዚሁ ተስማምቶ ወደ ፍሬ ነገሩ ገባ።

ማስታረቅና ፍቺ

ፍርድ ቤቱ እንደ ሥርዓቱ ጥንዶቹ እንዲመክሩበት ጊዜ ሰጠ፤ ሽማግሌዎችም ተሰየሙ። እዚህ ላይ የገጠመን ነገር ያሳዝናል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሚስት «ልጄ፣ የከተማውን ቤት ተዪለት፤ እርሱም ያንቺን አይነካ፤ ንብረት ያልፋል» አሏት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ልጆቹ አባታቸውን እንዳያጡ ሰግተው ነው። ነገር ግን የተሰየሙት ለማስታረቅ እንጂ ንብረት ለማከፋፈል አልነበረም። ሚስትም በዚያ ቀን ልትፈርምላቸው ምንም አልቀራትም። ከዚያ በኋላ ያለ እኛ ምክር ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርም ተስማማን። ዕርቁ አልሠመረም፣ ፍቺውም ተወሰነ።

በ2016 ዓ.ም. በክልሉ በነበረው የፀጥታ ችግር ምክንያት ችሎቱ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። የቀጠሮዎቹ መራዘም ከዚህም የመጣ ነው።

ክፍፍሉ

የእርሻ መሬቱ እንደተጠበቀው ብዙ አላከራከረም። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ መተዳደሪያውን ከግብርና ውጭ ያደረገና ከአካባቢው ለረጅም ዓመታት የራቀ ሰው ይዞታውን ሊያጣ የሚችልበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ባል በመጀመሪያው መቃወሚያው የአዲስ አበባ ቋሚ ነዋሪ ነኝ ብሎ ስለነበር፣ ግማሹን መሬት አጥብቆ ቢጠይቅ የራሱ ቃል ይመለስበታል። መሬቱ በሚስት እጅ እንዲቆይ ተስማማ።

የክልሉ ከተማ ቤት ይበልጥ የተወሳሰበ ነበር። ቦታው የውርስ በመሆኑ የባል የግል ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ቤት ግን በትዳር ዘመን በጋራ ገቢ የተሠራ ነው። እኛ ልጆቹ የሚኖሩበት ቤት እንዳይፈርስና እንዳይሸጥ እንጂ እያንዳንዱን ግድግዳ ማካፈል አልፈለግንም። በመጨረሻ ቤቱ ለሚስት ሆኖ የቦታው ጥቅም ከአዲስ አበባው ቤት ድርሻዋ ላይ እንዲቀነስ ተስማሙ።

የአዲስ አበባው ቤት ግምት ላይ ግን ተጣላን። የመጀመሪያው ግምት የተሠራው ከግንባታ ወጪ ተነስቶ ስለነበር በገበያ ከሚያወጣው በጣም ያነሰ ነበር። ባል «በዚህ ግምት ግማሹን ከፍዬ ቤቱን ልውሰድ» አለ። ድጋሚ ግምት ጠየቅን፣ አልተሳካልንም። የሠራው ሌላ መንገድ ነው፤ ሊካፈል የማይችልና የማይስማሙበት ንብረት በሐራጅ እንዲሸጥ ሕጉ ስለሚፈቅድ ቤቱ በሐራጅ ይሸጥልን ብለን አመለከትን። ባል ቤቱን ማጣት ስላልፈለገ ከሐራጁ በፊት ወደ ገበያው የተጠጋ ዋጋ ራሱ አቀረበ። ቀሪው የባንክ ዕዳ የጋራ ስለሆነ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ቀሪው ለሁለት ተከፈለ። ለአፈጻጸም መዝገቡ በውክልና ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ክፍያው በፍርድ ቤት በኩል ተፈጸመ።

ያልተሳካው

የልጆች ቀለብ ደካማው ክፍል ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ ትናንሽ ልጆች ከእናታቸው ጋር እንዲኖሩና አባት በየወሩ ቀለብ እንዲቆርጥ ተወስኗል። ባል የሚሠራው ግን በቀን ሒሳብ፣ ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ነው። ደመወዙ ላይ እንዲቆረጥ ትዕዛዝ የተጻፈለት ተቋራጭ ትዕዛዙ ሲደርሰው ሰውየው ሥራ ለቋል። ከልጆቹ መኖሪያ ክልል ውጭ ባለ ሰው ላይ በየወሩ የሚከፈልን ገንዘብ ማስፈጸም ከአንድ ጊዜ ክፍፍል እጅግ ይከብዳል። ዛሬ ቢሆን ከቤቱ ክፍያ ላይ ቢያንስ የአንድ ዓመት ቀለብ በቅድሚያ ተይዞ እንዲቀመጥ በስምምነቱ ውስጥ እንዲገባ እንጠይቅ ነበር፤ ለሌሎች ባለጉዳዮችም የምንመክረው ይህንን ነው።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚሆኑ ነጥቦች

ባለጉዳይ ከሌላ ክልል ንብረት ጋር የተያያዘ የፍቺ ጉዳይ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ጋብቻው መቼና የት ተፈጸመ የሚለው ነው። ዓመቱ ከታወቀ በዚያ ጊዜ የትኛው ሕግ ይሠራ እንደነበር ይታወቃል፤ በተለይ ከ1992 እስከ 1996 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሕጎቹ በየክልሉ በተለያየ ጊዜ ስለተቀየሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ተከራካሪው ዛሬ የት ይኖራል የሚለው ነው፤ ፍርድ ቤቱን የሚወስነው እርሱ ነው።

ሁለት ሕጎች አንድ ውጤት ላይ የሚያደርሱ ከሆነ የትኛው ይሠራል በሚል ክርክር ጊዜ ማጥፋት ለደካማው ወገን አይጠቅምም። ልዩነት በእርግጥ ካለ ግን፣ ለምሳሌ ሌላኛው ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያላወጣና በ1952ቱ ሕግ የሚተዳደር ከሆነ፣ ክርክሩ ከመጀመሪያው መነሳት አለበት። ያን ጊዜም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 34 እና 35 ከፊት ማስቀደም ይገባል።

«ያላገባ» የሚል ማስረጃን ለመቃወም ከምስክር በፊት የሰጠው ጽሕፈት ቤት ያለውን ሙሉ ማኅደር በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማስቀረብ ይሻላል። የገጠር መሬት ደብተር፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የክርስትና ወረቀት ወይም የባንክ መላኪያ ደረሰኝ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ዋጋ የማይሰጧቸው ወረቀቶች ናቸው፤ ባለጉዳይ እንዳይጥላቸው በመጀመሪያው ቀን መንገር ያስፈልጋል።

እግድ ከአቤቱታው ጋር አብሮ መቅረብ አለበት፤ ውክልና የሚያረጋግጠውንም መሥሪያ ቤት ማካተት ይገባል። ወደ ሌላ ክልል የሚሄድ ትዕዛዝ ከፍርድ ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ይላክ፤ የሚደወልበት ስልክም ይጻፍበት።

ሽማግሌዎች ጠብን በማብረድ ያላቸው ቦታ ትልቅ ነው፤ በዚህ ጉዳይም እውነቱን በመመስከር ረድተዋል። ነገር ግን በእነርሱ ፊት የሚፈረም ማንኛውም የንብረት ወረቀት ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ተጣልተው የታረቁ ጥንዶች ያንን ወረቀት ቀድደው መጣል ወይም መታረቃቸውን የሚገልጽ ሌላ ጽሑፍ በዚያው ሽማግሌ ፊት ማስፈረም አለባቸው።